ቀኙ ከላይ

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንዲት ዘፋኝ እናቴን ከሥራዋ ልታስባርራት ከሚላኖ ድረስ በባቡር መጣች ብዬ አመንኩ። ለአሥራ ሁለት ዓመትም ከዚህ እምነቴ ንቅንቅ አላልኩም። ስሟ በራዲዮ በተጠራ ቁጥር ተነስቼ እዘጋው ነበር፤ እናቴ ደግሞ ተነስታ መልሳ ትከፍተዋለች። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩ መገመት አይከብድም።

እናቴ አርጂያ የኦፔራ ቤታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ሳስታውሳት መቀሷን በጥቁር ጥብጣብ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ነው። ስፒል በአፏ ይዛ ማውራትም፣ መሳቅም፣ መሳደብም ትችል ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን የምንኖረው በዚያ መቀስ ነው። ከተማችን ጣልያን ውስጥ ከፖ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ጭጋግና አይብ ይበዛባታል። ትንሽ ትሁን እንጂ ኦፔራ ቤት አላት፤ ኦፔራ የጻፈላት የራሷ ማኤስትሮም አላት። ሐውልቱ ባቡር ጣቢያው ፊት ቆሟል።

ማኤስትሮው «የፋኖሷ ልጅ» የሚለውን ኦፔራ የጻፈው ጃፓንን ሳያይ ነው። ጄኖቫ ወደብ ላይ የገዛው አንድ የሻይ ቆርቆሮና አንድ ማራገቢያ ነበረው፤ እነሱን እያየ ጻፈ። ታሪኩ አጭር ነው። የፋኖስ ሠሪው ልጅ አንድን ጣልያናዊ የመርከብ አዛዥ ከማዕበል ታድንና ቤቷ ትደብቀዋለች። የገዛ ወገኖቿ ለዚህ ጥፋቷ መርዝ እንድትጠጣ ይፈርዱባታል፤ እሷም ትጠጣለች። አዛዡ ዘግይቶ ይደርስና አስከሬኗ አጠገብ ቆሞ ስለ ራሱ ሐዘን ረጅም ዜማ ያዜማል። ያን ዜማ የከተማችን ፀጉር አስተካካዮች ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። እሷ የምታዜመውን የሚያስታውስ ግን የለም፤ ግማሹ «ይቅርታ» የሚል ነው።

ሟቿ አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። አትዘፍንም፣ አትናገርም። ፋኖስ ይዛ ትገባለች፤ በመጨረሻም ከሟቿ እጅ ጽዋውን ትወስዳለች። ይህችን ልጅ የምትሆነው ከቲያትሩ ሠራተኞች ልጆች አንዷ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ጦርነቱ ካበቃ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልበቀሉም።

የፋኖስ ሠሪውን ልጅ ሆና ልትዘፍን የምትመጣውን ጃፓናዊት ዘፋኝ የጠበቅኳት በትንንሽ እርምጃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በማራገቢያ ተከልላ እንድትመጣ ነበር። የመጣችው ቡናማ ካፖርት ለብሳ፣ እንደ ፖስተኛ እየተራመደች፣ ሞርታዴላ የሚሉት ቋሊማ የገባበት ዳቦ እየገመጠች ነው። ስሟ ካዮ ናሜካታ ነው። ሚላኖ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስለኖረች ጣልያንኛዋ የለየለት የሚላኖ ሰው ጣልያንኛ ነበር፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ከጃፓናዊነት ይልቅ ሚላኖአዊነት የባሰ ነው።

ኮመንዳቶሬ ፋንቲኒ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የቲያትሩ የበላይ ነው። ኮመንዳቶሬ መንግሥት የሰጠው ማዕረግ ቢሆንም፣ እናቱ ስታጠምቀው ያወጣችለት ስም ይመስለኝ ነበር። ጠረኑ አኒስ አኒስ፣ እንደ እንስላል ያለ ቅመም፣ ይላል፤ ከሆዱ ሕመም የተነሳ የአኒስ ከረሜላ ከአፉ አይለይም። እንደ ቲያትር ሰው ሁሉ ክፉ ምልክት ይፈራል። በእኛ አገር ሐምራዊ የለበሰ ሰው ቲያትር ቤት አይወደድም፤ ሐምራዊ የዐቢይ ጾም ቀለም ነው፣ ድሮ በጾም ቲያትር ይዘጋና ተዋንያን ይራቡ ነበር። አንዴ አንዲት ባለጠጋ ሴት ሐምራዊ ሻሽ ስላደረገች ከመቀመጫዋ አስነስቶ መልሷታል። ኪሱ ውስጥም ክፉ ነገር ሲሰማ የሚነካው ትልቅ የብረት ቁልፍ ነበረው።

«እንኳን ደህና መጣሽ አሻንጉሊቴ፣» አለና ጉንጯን ቆነጠጠ።

እጁን በሁለት ጣቷ ከጉንጯ ላይ አነሳችና መልሳ ሰጠችው።

«ሲኞራ ናሜካታ እባላለሁ። ልብስ የምለካው የት ነው?»

ባለጌ ናት አልኩ በሆዴ። እኔን ኮመንዳቶሬው ጉንጬን ሲቆነጥጠኝ እስቃለሁ፤ ሁሉም ልጅ ይስቃል።

የስፌት ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እርጥብ ሱፍ፣ ካውያና ናፍታሊን ይሸታል። እናቴ ማኤስትሮው በሕይወት እያለ የተሰፋውን ነጭ ኪሞኖ ከሣጥን አውጥታ አለበሰቻት። የቀኙን ጠርዝ በግራው ላይ ደረበችና በማሰሪያው አሰረችው። ቁመቱን ልትለካ ስትንበረከክ፣ ዘፋኟ ማሰሪያውን ፈታ ግራውን በቀኙ ላይ ደረበች።

እናቴ ቀና ብላ አየች። ፈታ እንደ ቀድሞው አሰረችው። ዘፋኟ ፈታችው። እናቴ ሦስተኛ ጊዜ አሰረች። ዘፋኟ ሦስተኛ ጊዜ ፈታች።

የእናቴ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ። እኔ ጠረጴዛ ስር ሆኜ የክር ጥቅሎች እየደረደርኩ ነበር። የከንቲባው ሚስት እንኳ እናቴ ያሰረችውን ፈታ አታውቅም።

«ሲኞራ፣ የሴት ልብስ ነው እኮ፣» አለች እናቴ፣ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ። «የሴት ቀኙ ከላይ፣ የወንድ ግራው ከላይ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ።»

ዘፋኟ ጎንበስ ብላ በዝግታ ነገረቻት። ጠረጴዛው ስር ድረስ የመጣው «የሞተ ሰው» የሚለው ብቻ ነው። እናቴ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«አርባ ዓመት ሙሉ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ።»

እኔ እንደገባኝ፣ ይህች ሴት የእናቴን ስፌት የሞተ ሰው ሥራ ነው ብላ ሰደበቻት። ያለቻት ሌላ ነበር። በእነሱ አገር ኪሞኖ፣ ወንድም ይልበሰው ሴት፣ ግራው ከላይ ይሆናል። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለአስከሬን ብቻ ነው። የከተማችን ሰፊዎች ደግሞ የሴት ልብስ ነው ብለው፣ እንደ ራሳቸው ሸሚዝ ቀኙን ከላይ አደረጉት። ሻይ የምትቀዳውንም፣ ሠርግ ላይ የምትጨፍረውንም፣ በፍቅር ያበደችውንም አርባ ዓመት ሙሉ እንደ ሬሳ ገንዘን ወደ መድረክ ስንልክ ኖርን። ሕዝቡም አጨበጨበ።

አርብ ዕለት ልብሱን ሁሉ ለብሰን የመጨረሻውን ልምምድ አደረግን። ፊት የሚቀባው ሲኞር ኡሊሴ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቢጫ ቅባት ነበረው፤ በስፖንጅ ይለቀልቀንና ዓይናችንን በጥቁር እርሳስ እስከ ጆሯችን ይስበዋል። ሃያ ሁለቱ አጃቢ ሴቶች፣ ቀን አይብ ፋብሪካና ዓሣ ገበያ የሚውሉ ሴቶች፣ እንደ ፈንጣጣ ክትባት ተሰልፈው ይቀባሉ። እኔ ያን ቅባት እወደው ነበር። ዘፋኟ ተራዋ ሲደርስ ስፖንጁን ያዘችው።

«እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ትንሽ ቢጫ ነው ሲኞራ። መብራት ሲያርፍብዎ ጃፓናዊት አይመስሉም።»

ዲርቼ፣ ከአጃቢዎቹ ሁሉ ግዙፏ፣ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ዘፋኟም ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያልሳቅነው እኔና ኡሊሴ ብቻ ነን። እሱ እስከ ዛሬም የገባው አይመስለኝም።

ዘፋኟ መድረክ ላይ ስትወጣ ግራዋ ከላይ ነበር። ኮመንዳቶሬው ከመቀመጫው አጨብጭቦ ሙዚቃውን አስቆመ።

«ልብሷ ተገልብጧል!»

«የእኔ ልክ ነው ኮመንዳቶሬ። የተገለበጠው የሌሎቹ ነው።»

«ልጄ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የልብሱን ሥዕል ማኤስትሮው በገዛ እጁ ፈርሞበታል። ቀኙ ከላይ ነው። ጃፓንን ለዓለም ያሳየን እኛ ነን።»

«እኛ ደግሞ እዚያው ተቀምጠን ሳናያት ቀረን።»

«ሕዝቡ የለመደውን ነው የሚያምነው።»

«ባለፈው ዓመት በሌላው ኦፔራ የገበሬዋን ሴት ልዝፈንልዎ ብዬ ስጽፍ ምን አሉኝ? በዚህ ፊትሽ የቱስካና ገበሬ ነሽ ብሎ ማን ያምናል አሉኝ። ዲርቼን ጃፓናዊት ናት ብሎ የሚያምን ሕዝብ ምን ያቅተዋል?»

«እውነቷን ነው፣» አለች ዲርቼ ከኋላ። «እኔ መቶ ኪሎ ነኝ።»

ከልምምዱ በኋላ ኮመንዳቶሬው እናቴን ሥዕሉ ፊት ጠራት። እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ነጩ ኪሞኖ ላይ ከውስጥ መንጠቆ ስፊበት፣» አላት። «ልገልብጥ ብትል እንዳይገለበጥላት። የዚህ ቤት ልብስ ጠባቂ አንቺ ነሽ አርጂያ። እሑድ አንድ ልብስ ተገልብጦ ቢወጣ፣ ሰኞ ጠዋት በቦታሽ ሌላ ሰፊ ይኖራል። ገባሽ?»

«ገባኝ ኮመንዳቶሬ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የዚያች ሴት ነገር አለቀለት አልኩ። እናቴም በዚያው ቀን ስድስት መንጠቆዎች ሰፋችበት፤ ጥርሷን ነክሳ፣ በጥሩ ስፌት።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁሉንም ኪሞኖዎች «ልተኩሳቸው ነው» ብላ በእጅ ጋሪ ወደ ቤት አመጣች። ጋሪውን ከኋላ የምትገፋው ዘፋኟ ነበረች። ማድ ቤታችን ገብታ ካፖርቷን ምስማር ላይ ሰቀለች፤ እናቴ በሾርባ የቀቀለችውን ካፔሌቲ፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ፓስታ፣ ሁለት ሳህን በላች፤ ሦስተኛም ጨመረች። የእኔን ድርሻ የበላችብኝ ያህል አፈጠጥኩባት። ከዚያ ጠረጴዛው ተጠረገና ሁለቱ ተቀምጠው ስፌት መፍታት ያዙ። መጀመሪያ ስድስቱ መንጠቆዎች ወለቁ። ቀጥሎ የአጃቢዎቹ ማሰሪያዎች፤ ከቀኝ እየተፈቱ ወደ ግራ ይሰፋሉ።

«የእኔ ብቻ ይበቃል አርጂያ፣» አለች ዘፋኟ። «ሃያ አራት ልብስ እኮ ነው።»

«እርስዎ ብቻዎን ግራውን ከላይ ካደረጉ፣ የተሳሳቱት እርስዎ ይመስላሉ። ሁሉም ካደረጉ ግን የተሳሳተው ሥዕሉ ነው።»

«ካወቀ ሰኞ ያባርርሻል።»

«ነገ አያውቅም። ልክ አድርጌ አለባብሳቸውና መጋረጃው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ቢያባርረኝም የተገለበጠ ልብስ አውቄ አላወጣም። ሳላውቅ ያወጣሁት ይበቃኛል።»

ዘፋኟ መርፌዋን ወደ መብራቱ አንስታ ክር እያስገባች፣ «ጣልያን ውስጥ ዘጠና አንድ ጊዜ ሞቻለሁ፣» አለች። «የሚጠሩኝ የምትሞት ጃፓናዊት ሲያስፈልጋቸው ብቻ ነው። ይሁን፣ በሦስተኛው ገቢር ልሙት፤ ሥራዬ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ግን በሕይወት አለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ዘፋኟ ግን ቀጠለች፤ «አያቴን ያለበስኳት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቀኙን ከላይ አድርጊ ሲሉኝ እጄ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልክ በአንድ በኩል የለመደ እጅ ነዋ።»

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱም ልቤ አልገባም። እኔ ያየሁት የእናቴን የተጎነበሰ አንገት ነው። እንግዳ ሰው ቤታችን ተቀምጣ፣ ምግባችንን በልታ፣ እናቴን በገዛ እጇ የሰፋችውን ታስፈታታለች። ለዚያውም ሰኞ ልትባረርበት።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የምትታዘዣት?»

«ማን ታዘዘ? ክሩን አቀብዪኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

እሑድ ትርኢቱ ከሰዓት ነበር። እናቴ ልብሶቹን ይዛ ቀድማኝ ወጥታለች። እኔ ስደርስ ኮመንዳቶሬው ደረጃው ስር ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ጉንጬን ቆነጠጠና የአኒስ ከረሜላ አጎረሰኝ።

«እማማስ ደህና ናት? ሥራ በዛባት?»

በዚያች ደቂቃ እናቴን ማዳን እንደምችል ታየኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

«ዘፋኟ ናት ያስፈታቻት፣» አልኩት። «መንጠቆውንም፣ የሁሉንም ማሰሪያ። ሁሉንም ገልብጠውታል። እማዬ ግን ምንም ጥፋት የለባትም።»

ኮመንዳቶሬው ጎንበስ ብሎ ሌላ ከረሜላ ሰጠኝ። «ጎበዝ ልጅ፣» አለኝ። እየዘለልኩ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

እናቴ ተንበርክካ ትንሿን ኪሞኖዬን ስታለብሰኝ አፍንጫዋ አፌ አጠገብ ነበር። እጇ ቆመ። አሸተተች።

«ከረሜላ ማን ሰጠሽ?»

«ማንም።»

ተቆጥታ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ ያሰብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ማሰሪያዬን አጥብቃ አሰረች፣ መቀሷን አንገቷ ላይ አስተካከለች፣ ከመሳቢያ አንድ ነገር በጭብጧ ይዛ እኔን በሌላ እጇ እየጎተተች ወደ አጃቢዎቹ ክፍል ወረደች። ልታስተካክለው ነው አልኩ፤ ኮመንዳቶሬው ሳይደርስ ሁሉንም ወደ ቀኝ ልትመልሰው ነው።

«ሴቶች ስሙኝ፣» አለች በሩን ከኋላዋ ዘግታ። «እስከ አርብ ያለበስኳችሁ የሬሳ ልብስ ነው። በእነሱ አገር ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሞተ ሰው ነው። አላወቅኩም። የዛሬው የሕያው ነው። አሁን ኮመንዳቶሬው መጥቶ ወደ ሬሳው መልሱት ይላችኋል። እኔ ነግሬያችኋለሁ።»

ዲርቼ አማተበችና የብረት ማሞቂያውን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ብረት! ብረት ንኩ!» ሃያ ሁለት ቢጫ የተቀቡ ሴቶች አንድ ማሞቂያ ላይ ተረባረቡ፤ ያልደረሳት የበሩን እጀታ፣ የወንበሩን እግር ያዘች።

«አምና እግሬን የሰበርኩት ለዚህ ነው በሉኛ!»

«የእኔ ባል ሆስፒታል የገባው በዚሁ ኦፔራ ሰሞን ነው፣ በማዶና!»

በሩ ተከፈተና ኮመንዳቶሬው ገባ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ሁላችሁም ቀኙን ወደ ላይ መልሱ። አሁኑኑ።»

አንዷም አልተነቃነቀችም። ዲርቼ መስቀያው ላይ የቀረውን ትርፍ ኪሞኖ አውርዳ፣ ቀኙን ከላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

«ኮመንዳቶሬ፣ እናቴ ዛሬ ልታየኝ መጥታ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ተገንዛ እንድታያት አላደርግም። ምንም አይደለም ካሉ መጀመሪያ እርስዎ ይልበሱት።»

ኮመንዳቶሬው ወደ ኋላ ተራመደ። እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉን ሲጨብጥ ሁላችንም አየነው። ሴቶቹ አልሳቁም። እናቴ ቀርባ ሌላኛውን እጁን ያዘችና በመዳፉ ላይ ስድስቱን መንጠቆዎች አስቀመጠችለት።

«መንጠቆዎችዎ። አንድም አልጎደለም።»

«ነገ ጠዋት መቀስሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

«መቀሱ ድሮም የእኔ ነው፣» አለች እናቴ።

ምንም አልገባኝም። ለምን በእሷ ተቆጣ? ጥፋት የለባትም ብዬው የለም እንዴ? ከረሜላው አፌ ውስጥ መረረኝ፤ ተፋሁት።

መጋረጃው ተከፈተ። ከጣሪያው ስር «እርግብ ቤት» በሚሉት ርካሽ መቀመጫ የሚታደሙት ሰዎች አንዲት ኖታ ብትዛነፍ የሚያፏጩ ናቸው። ሃያ አራት ልብስ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ግን አንድም ሰው አላስተዋለም። ሕዝቡ የለመደውን ነው የሚያምነው የተባለለት ያ ሕዝብ፣ የለመደውን እንኳ አይቶት አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ገቢር ፋኖሴን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። መርዙን ጠጣች። በጽሑፉ መሠረት ወዲያው መውደቅ ነበረባት፤ እሷ ግን አልወደቀችም። ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መቀነቷን ላላ አደረገች፣ ማሰሪያውን ፈታች፣ በገዛ እጇ፣ ሳትቸኩል፣ ቀኙን በግራው ላይ ደረበች። አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ ተጋደመች።

ከኋላዬ ሃያ ሁለት ሴቶች በአንድ ላይ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ዲርቼ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ የእውነቷን ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያዩትን ያወቁት እነሱና ከመጋረጃው ጎን የቆመችው እናቴ ብቻ ናቸው። መድረክ ላይ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የኖረች ሴት፣ አሁን ሞትኩ ብላ፣ ማንም ሳይገንዛት ራሷን ገነዘች።

እኔ ደግሞ በፋኖሴ ብርሃን ቀኙን ከላይ አየሁ። በመጨረሻ ተሸነፈች አልኩ። የእናቴን አስተሳሰር ልክ ነው ብላ፣ ሕዝብ ፊት መለሰችው። ጽዋውን ከእጇ ወሰድኩና የወለቁት ጥርሶቼ እስኪታዩ ድረስ ፈገግ አልኩ።

አዛዡ ደርሶ ያን ዝነኛ ዜማውን ሲጀምር ከእርግብ ቤት ጭብጨባ ወረደበት፤ ለእሱ አልነበረም። ያዩት ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ለእሷ ነበር። አዛዡ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። በማግስቱ ጋዜጣው ስለ እኔ ፈገግታም ጻፈ፤ «የንጽሕና ፈገግታ» ይላል። እናቴ ቆርጣ አስቀምጣዋለች።

ሰኞ ጠዋት እናቴ መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ በዋናው በር፣ በመሐል ደረጃው ወጣች። ከዚያ በኋላ ማድ ቤታችን ውስጥ የሙሽራ ልብስ እየሰፋች አሳደገችኝ። ቀላል አልነበረም። በክረምት ጣቶቿ ሲያብጡ ባየሁ ቁጥር ያችን ሴት እረግማት ነበር። ከእሷ የመጣ ጥቅል ውስጥ የአያቷ የነበረ ግራጫ ኪሞኖ ሲገኝ «አቃጥዪው» አልኳት። እናቴ ግን በየማለዳው፣ ግራውን ከላይ አድርጋ፣ እሱን ለብሳ ወተት ታፈላ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን አፌን ሞልቼ፣ «ያች ሴት ዳቦሽን ቀማችሽ፣» አልኩ። እናቴ የምትሰፋውን ቁጭ አደረገች።

«እሷ አይደለችም። የአኒስ ሽታ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለምን እስከዚያ ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ልታድኚኝ ነው የሄድሽው። ደግሞም ስሚ፤ አንቺ ባትነግሪው ኖሮ እኔ ተደብቄ ላሳልፈው ነበር። ዲርቼም አታውቅም፣ አንዷም አታውቅም ነበር። ፊት ለፊት ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ አታልቅሺ፤ ጨርቁን ታበላሺብኛለሽ።»

አልቅሼ ጨርቁን አበላሸሁት። በማግስቱ ራሴ ለሲኞራ ናሜካታ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሷም መለሰችልኝ፤ እስክትሞት ድረስ ተጻጻፍን። የገበሬዋን ሴት በመጨረሻ ኮሎኝ ከተማ እንደዘፈነች የጻፈችልኝ ደብዳቤ አሁንም የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ዛሬ እኔም የቲያትር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሥራዬ ሁለት ጊዜ ተባርሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በዋናው በር ነው የወጣሁት።

እናቴ በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ባለፈው ኅዳር አረፈች። ኑዛዜዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ግራጫው ይሁንልኝ፣ ቀኙ ከላይ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን እንኳ አይደለም።»

የቀብር አስፈጻሚዎቹ ቤት ስደርስ አንድ ጉብል አልብሷት ጨርሷል። ፀጉሩን በጥንቃቄ የተቆረጠ፣ ነጭ ጓንት ያደረገ ልጅ ነው። ኪሞኖው ላይ አንድም የተጨማደደ ቦታ የለም። ግራው ከላይ ነበር።

«በስልኬ አይቼ ነው ሲኞራ፣» አለኝ ኮራ ብሎ። «ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግራው ነው ከላይ የሚሆነው።»

ቀረብኩና ማሰሪያውን ፈታሁ። የልጁ ፊት እስከ ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ባለጌ ናት ብሎኝ ይሆናል በሆዱ።

«ልክ ነህ ልጄ፣» አልኩት። «አንተ ያሰርከው ለሕያው ነው። እሷ ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ እንደዚያ ነበር የምትለብሰው።»

የቀኙን ጠርዝ አነሳሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ በኩል የለመደ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ በግራው ላይ ደረብኩት፣ እሷ እንዳስተማረችኝ አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ፣ አሁን ጥርሶቼ ሙሉ ሆነው፣ ፈገግ አልኩላት።